ሞኖ፣ ፖሊ ወይስ ስስ ሽፋን? አዳማ ላይ ሶላር ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው መጋቢት አክስቴ ደወለችልኝ። ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ የጨርቅ ሱቅ አላት። መብራት በሄደ ቁጥር በሻማ መሸጥ ሰልችቷታል። "ሁለት ሶላር አሳዩኝ" አለችኝ። "አንዱ ትንሽ ነው፤ ሌላው የምግብ ጠረጴዛ ያህላል። ሁለቱም 100 ዋት ናቸው አሉ። ዋጋቸውም ብዙ አይራራቅም። ትልቁን ብወስድ አይሻልም?"

"እትዬ፣ እንዳትከፍዪ። መጣሁ" አልኳት።

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ትልቁ ፓነል ፍሬም የለውም። ሁለት መስታወት እርስ በርሱ የተጣበቀ ነው። ፊቱ ጥቁር ሆኖ ወደ ቡናማ ያደላል። ጠጋ ብዬ ሳየው ከላይ እስከ ታች የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት የጣት ስፋት ያህላል። ሞኖ በሚባለው የፓነል ዓይነት ላይ የለመድነው ካሬም፣ ብርማ ሽቦም የለውም። ስስ ሽፋን ሲሊከን ነበር፤ አሞርፈስም ይባላል።

ያን ቀን ለአክስቴ የነገርኳትን ነው የምጽፍላችሁ። እዚያ ቆመን ያልደረስኩበትንም እጨምራለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ፓነል እንዴት እንደሚሠራ ካላወቃችሁ፣ ሻጩ ከሚነግራችሁ ውስጥ የቱ እውነት እንደሆነ መለየት አትችሉም።

በዓይን መለየት

ሞኖ ጥቁር ነው። ፊቱ በካሬ የተከፋፈለ ሲሆን ብዙ ጊዜ የካሬዎቹ ጫፍ ቆረጥ ብሏል። ፖሊ ሰማያዊ ነው። ፀሐይ ላይ ስታዘነብሉት እንደ ተሰነጣጠቀ መስታወት የሚያብለጨልጩ ቅርጾች ይታዩበታል። ስስ ሽፋኑ አንድ ወጥ ቀለም አለው፤ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ካድሚየም ቴሉራይድ የሚባል ሌላ ስስ ሽፋን አለ፤ በመልክ ይመሳሰላል። እሱ ግን ሲሊከን አይደለም፤ ጉልበቱም ከአሞርፈስ በጣም ይበልጣል። ስለዚህ ፓነሉን ገልብጡትና ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ወረቀት የሌለው ፓነል ከሆነ አትግዙት።

አንዱ ይቆረጣል፣ ሌላው ይጋገራል

ሦስቱም ሲሊከን ናቸው። ሲሊከን አሸዋ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ነው፤ በምድር ላይ ሞልቷል። ልዩነቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው።

ሞኖን ለመሥራት ንጹሕ ሲሊከን ከ1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይቀልጣል። ከዚያ ከቀለጠው ውስጥ አንድ ወፍራም ዘንግ እየተሽከረከረ ቀስ ብሎ ይወጣል። ዘንጉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ክሪስታል ነው፤ አቶሞቹ እንደ ሰልፈኛ በረድፍ ቆመዋል። ዘንጉ በሽቦ መጋዝ እንደ ዳቦ ይቆራረጣል። የአንዱ ቁራጭ ውፍረት 150 ማይክሮን አካባቢ ነው (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)፤ የፀጉር ሁለት እጥፍ ማለት ነው። ሲቆረጥ በብዙ ድካም የተጣራው ሲሊከን ከፊሉ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ፖሊ ደግሞ የቀለጠው በሳጥን ውስጥ እንዲረጋ ተደርጎ የተቆረጠ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ትንንሽ ክሪስታሎች የሚታዩበት።

ስስ ሽፋኑን ለመረዳት የእንጀራ ምጣድን አስቡ። ምጣዱ መስታወቱ ነው። ሊጡ ግን ጋዝ ነው።

በመጀመሪያ መስታወቱ በደንብ ይታጠባል። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከሽፋኑ ራሱ ትወፍራለች፤ ካልተወገደች ቀዳዳ ትታ ትሄዳለች። ከታጠበ በኋላ ቲን ኦክሳይድ ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ይቀባል። ይህ ቅብ ብርሃን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ፊቱ ሆን ተብሎ ሻካራ ይደረጋል፤ ብርሃኑ ተበትኖ እንዲገባና በሲሊከኑ ውስጥ ረጅም መንገድ እንዲሄድ ነው። ከዚያ ቅቡ በሌዘር ይሰመራል። ሱቅ ውስጥ ያየኋቸው መስመሮች የሚጀምሩት እዚህ ነው።

ቀጥሎ መስታወቱ አየሩ ወደ ተመጠጠበት ክፍል ገብቶ እስከ 200 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል። ይህ ከእንጀራ ምጣድ ሙቀት ብዙም አይርቅም። ከሞኖው 1,400 ዲግሪ ጋር አስተያዩት። ከዚያ ሳይሌን የሚባል ጋዝ ይለቀቃል። አንድ ሲሊከንና አራት ሃይድሮጅን ያለው ጋዝ ነው። አየር ሲነካው በራሱ ስለሚቀጣጠል ፋብሪካዎቹ በጣም ይጠነቀቁለታል። ጋዙ በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል እያለፈ በሬዲዮ ሞገድ ይመታል፤ በአብዛኛው በ13.56 ሜጋኸርዝ። ያን ጊዜ ጋዙ እንደ ፍሎረሰንት አምፖል ያበራል፤ ፕላዝማ የሚባለው ይህ ነው። ሳይሌኑ ይበጣጠስና ሲሊከኑ መስታወቱ ላይ ማረፍ ይጀምራል።

ሽፋኑ ሦስት ንብርብር አለው። ለመጀመሪያው ትንሽ ቦሮን የያዘ ጋዝ ይቀላቀላል፤ ውፍረቱ 10 ናኖሜትር ያህል ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሁለተኛው ምንም ያልተቀላቀለበት ሲሆን ወደ 300 ናኖሜትር ይጠጋል። ሦስተኛው ፎስፈረስ ያለበት ነው፤ እሱም በጣም ስስ ነው። ሁሉም ተደምሮ የማይክሮን አንድ ሦስተኛ ገደማ ቢሆን ነው። ከሞኖ ቁራጭ ከ400 ጊዜ በላይ ይሳሳል።

ከዚያ ሲሊከኑ እንደገና በሌዘር ይሰመራል። ከኋላው ብረት ይቀባል፤ ብረቱም ይሰመራል። ሦስቱ መስመሮች ጎን ለጎን ስለሚውሉ የአንዱ ሴል ጀርባ ከቀጣዩ ሴል ፊት ጋር ይገናኛል። ሞኖ ላይ ሴሎቹ አንድ በአንድ በሽቦ ይበየዳሉ። እዚህ ብየዳ የለም፤ ገና ሲሠሩ ተያይዘው ነው የሚወጡት። በመጨረሻ ግልጽ ፕላስቲክና የኋላ መስታወት ይደረብና በሙቀት ይጣበቃል።

እንዲህ ዓይነቱን ሲሊከን በቦሮንና በፎስፈረስ መቆጣጠር እንደሚቻል ያሳዩት፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ስኮትላንድ ዳንዲ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ስፒርና ሌኮምበር ናቸው። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ውስጥ አርሲኤ በሚባለው ኩባንያ ቤተ ሙከራ ካርልሰንና ቭሮንስኪ የመጀመሪያውን የአሞርፈስ ሴል ይፋ አደረጉ። ከ100 እጅ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የቀየረው 2.4 እጁን ብቻ ነበር።

ካልኩሌተራችሁን አውጡ

አሞርፈስን ለማየት ሱቅ መሄድ አያስፈልግም። ብዙ ሰው ቤት አለ። የካልኩሌተሩን ትንሽ ጥቁር መስኮት ተመልከቱ። ብዙዎቹ ላይ በቀጫጭን መስመሮች ለአራት የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሴል ነው። በቤት ውስጥ ብርሃን አንዱ ሴል ግማሽ ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ አራቱ ተያይዘው ካልኩሌተሩን ያሠሩታል። አሁን አንዷን ክፍል ብቻ በአውራ ጣታችሁ ግጥም አድርጋችሁ ሸፍኑ። ውስጡ ባትሪ ከሌለው ቁጥሮቹ ይደበዝዛሉ። ሦስቱ ሴሎች ብርሃን እያላቸው አንዷ መንገዱን ዘጋችው። ይህን ያዙልኝ፤ ስለ ጥላ ስናወራ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ብርሃን ሲሊከን ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮን ይቀሰቅሳል። ኤሌክትሮኑ ሲነሳ ቦታው ባዶ ይቀራል። የቦሮኑ ንብርብር በአንድ በኩል፣ የፎስፈረሱ በሌላ በኩል ስላሉ በመካከላቸው የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጠራል። ኤሌክትሮኑ ወደ አንዱ፣ ባዶ ቦታው ወደ ሌላው ይገፋል። ከውጭ በሽቦ ሲገናኙ አምፖሉ ይበራል።

አሞርፈስ ውስጥ ግን አቶሞቹ ሰልፍ የላቸውም። እንደ ገበያ ቀን ሕዝብ ተጠጋግተው፣ ሥርዓት ሳይኖራቸው ቆመዋል። በዚህ ግርግር መካከል እጁን ዘርግቶ የሚጨብጠው ያጣ አቶም ብዙ ነው። መንገደኛው ኤሌክትሮን በዚያ ሲያልፍ ይያዝና ይቀራል። ከሳይሌኑ የመጣው ሃይድሮጅን የሚጠቅመው እዚህ ነው። ያንን የተዘረጋ እጅ ይጨብጥለታል። ሽፋኑ ውስጥ ከ10 አቶም አንዱ ገደማ ሃይድሮጅን ነው። ያለ እሱ ይህ ሴል ባልሠራም ነበር።

ግርግሩ ጥቅምም አለው። ሥርዓት የሌለው ሲሊከን የሚታየውን ብርሃን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ያን ያህል ስስ ሆኖ እንኳ ይበቃዋል። ጉዳቱ ደግሞ ከቀይ በታች ያለውን የማይታይ ብርሃን መያዝ አለመቻሉ ነው፤ ያልፈዋል። ሞኖው ግን ከዚያም ይጠቀማል። አሞርፈሱን ወፍራም አድርጎ ይህን ማካካስም አይቻልም፤ መንገዱ ሲረዝም ግፊቱ ይደክማል፣ በየመንገዱ የሚቀረውም ይበዛል።

ትልቁ ፓነል ለምን ትልቅ ሆነ?

ውጤቱ ይህ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ጥሩ ሞኖ ካረፈበት ብርሃን ከ20 እስከ 23 በመቶ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። ፖሊ ከ15 እስከ 18 በመቶ። ተራ አሞርፈስ ከ6 እስከ 8 በመቶ።

ፓነል የሚለካው በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን ሲያርፍ ነው። ስለዚህ 20 በመቶ የሆነ ሞኖ ከአንድ ካሬ ሜትር 200 ዋት ያወጣል፤ ለ100 ዋት ግማሽ ካሬ ሜትር ይበቃዋል። 7 በመቶ የሆነው አሞርፈስ ከዚያው ስፋት 70 ዋት ነው የሚያወጣው፤ ለ100 ዋት 1.4 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። አክስቴ ያየችው ጠረጴዛ ትልቅ የሆነው ስለበለጠ ሳይሆን ስለደከመ ነው። በዚያ ላይ ሁለት መስታወት ነው፤ ከ20 ኪሎ በላይ ይከብዳል። ሞኖው 7 ኪሎ ቢሆን ነው።

መካከለኛም አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስዊዘርላንድ ኑሻቴል ያሉ ተመራማሪዎች ከአሞርፈሱ ሥር ደቃቅ ክሪስታሎች ያሉት ሌላ የሲሊከን ሽፋን ደረቡ። የላይኛው ሰማያዊና አረንጓዴውን ይወስዳል፣ ያመለጠውን ቀይ የታችኛው ይይዛል። ከአነባበሮ ሌላ የማመሳስለው የለኝም። እንዲህ የተሠሩ ፓነሎች ከ10 እስከ 12 በመቶ ደርሰዋል።

የመጀመሪያው ወር ወጥመድ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። አሞርፈስ ፓነል ፀሐይ ላይ በወጣባቸው የመጀመሪያ ሳምንታትና ወራት ጉልበቱ ይቀንሳል። እንደ አሠራሩ ከ10 እስከ 30 በመቶ ሊወርድ ይችላል። ከዚያ ይረጋጋል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1977 ያገኙት ስቴብለርና ቭሮንስኪ ናቸው፤ በስማቸውም ይጠራል። ብርሃኑ ራሱ ሽፋኑ ውስጥ አዳዲስ ክፍተቶች ይፈጥራል፤ የተጨበጠ የነበረ እጅ ይላቀቃል። ሙቀት መልሶ ይጠግነዋል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ከ150 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጣራ ላይ ያን ያህል ሙቀት የለም፤ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ሐሩር ትንሽ ያገግማል።

ይህ ለገዢ ምን ማለት ነው? ጨዋ ፋብሪካ ወረቀቱ ላይ የሚጽፈው ከተረጋጋ በኋላ ያለውን ዋት ነው። ስለዚህ 100 ዋት የተባለ ያልተነካ አዲስ አሞርፈስ የመጀመሪያ ቀን ሲለካ 115 ሊሰጥ ይገባል። ሻጩ ፀሐይ ላይ አውጥቶ "እዩት፣ ከተጻፈው በላይ ነው!" ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ ግን አይዘልቅም። አዲስ ነው ተብሎ ልክ 100 ካሳየ ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ 80ዎቹ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሞኖም በመጀመሪያው ዓመት ይቀንሳል፤ በአብዛኛው ግን ሁለት በመቶ ገደማ ነው።

"ሙቀት አይነካውም" ሲሏችሁ

ይህን አባባል አዳማ ውስጥ ደጋግማችሁ ትሰሙታላችሁ። መሠረት አለው። ማንኛውም ሲሊከን ሲሞቅ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሞኖ ከ25 ዲግሪ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.35 በመቶ ገደማ ያጣል። አሞርፈስ የሚያጣው 0.2 በመቶ አካባቢ ነው።

ወደ ጣራችን እናምጣው። ቆርቆሮ ላይ ያለ ፓነል በአዳማ ቀትር 60 ዲግሪ ይሞቃል ብላችሁ አስቡ። ከ25 በላይ 35 ዲግሪ ነው። ሞኖው 12 በመቶ፣ አሞርፈሱ 7 በመቶ ያጣል። 100 ዋት ሞኖ 88 ሆነ፣ 100 ዋት አሞርፈስ 93። አምስት ዋት ነው የተረፈው። ለአምስት ዋት ብላችሁ ሦስት እጥፍ ጣራና ሦስት እጥፍ ክብደት መሸከም ይዋጣላችኋል? ለእኔ አይዋጥልኝም። ፓነሉን ከቆርቆሮው አንድ ጡብ ያህል ከፍ አድርጋችሁ ብትሰቅሉትና የአዳማ ነፋስ ከሥሩ ቢያልፍ፣ ሞኖውም ይቀዘቅዛል።

የክረምት ደመናም ላይ እንዲሁ ነው። አሞርፈስ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ጎበዝ ነው፤ ለዚህ ነው ካልኩሌተር ላይ የነገሠው። ሐምሌ ላይ በዋት ሲሰላ ከሞኖ ትንሽ ሊሻል ይችላል። ግን ደመና ሲኖር ዋናው ብርሃን ራሱ ስለሌለ፣ የሚገኘው ትርፍ ቁርስ አይሆንም።

እኔን ያቃጠለኝ ቮልት

ይህ በራሴ የደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ ያገለገለ አሞርፈስ ገዛሁ፤ 60 ዋት። ርካሽ ነበር። 12 ቮልት ባትሪና ትንሽ ተራ ኮንትሮለር (ከፓነል ወደ ባትሪ የሚገባውን የሚቆጣጠር ዕቃ) ነበረኝ። እንደ ሁልጊዜው ፕላሱን በፕላስ፣ ማይነሱን በማይነስ አድርጌ አሰርኩ። ኮንትሮለሩ ግማሽ ቀን አልቆየም። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ነው ከውጭ የጠራኝ።

ቴስተር አምጥቼ ስለካ ፓነሉ ብቻውን ወደ 90 ቮልት ነበረው። ያን ጊዜ ነው መስመሮቹ የገቡኝ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ሴል፣ ሁሉም እንደ ሰንሰለት የተያያዙ። ሴሎቹ ብዙ ስለሆኑ ቮልቱ ይከመራል። ለ12 ቮልት የሚሠራ ባለ 36 ሴል ሞኖ ግን 22 ቮልት አካባቢ ነው።

ለሙከራ ፓነሉን ለአፍታ በቀጥታ ባትሪው ላይ አድርጌ አምፔሩን ለካሁ። 0.9 አምፔር። ባትሪው 13 ቮልት ነው። ሁለቱን አባዙት፤ 12 ዋት። ከ60 ዋት 12! ቀሪው የትም አልደረሰም፤ ባትሪው ቮልቱን ጎትቶ ሲያወርደው አምፔሩ አልጨመረምና።

ስለዚህ አሞርፈስ የምትገዙ ከሆነ ኤምፒፒቲ የሚባለው ኮንትሮለር ግዴታ ነው። ቮልቱን አውርዶ አምፔሩን ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው። ኮንትሮለሩ የሚችለው ከፍተኛ ቮልት ደግሞ ፓነሉ ጀርባ ከተጻፈው ክፍት ቮልት (ምንም ሳይታሰርበት ከሚያሳየው ቮልት) መብለጥ አለበት፤ ለእኔ 60 ዋት ፓነል 150 ቮልት የሚችል ያስፈልግ ነበር። የዚህን ኮንትሮለር ዋጋ ፓነሉ ላይ ስትደምሩት ርካሽነቱ ይጠፋል። በዚያ ላይ 90 ቮልት ዲሲ በእጅ የሚቀለድበት አይደለም። ፀሐይ ላይ እያለ ጫፉን አትንኩ፤ መጀመሪያ በብርድ ልብስ ሸፍኑት።

ትልልቆቹን የጣራ ሞኖዎች ስትገዙም ይህን አትርሱ። ብዙዎቹ ከ37 ቮልት በላይ ናቸው፤ በተራ ኮንትሮለር 12 ቮልት ባትሪ ላይ ብታስሯቸው ከግማሽ በላይ ጉልበታቸው ይባክናል።

አቧራ፣ ጥላና ነፋስ

ካልኩሌተሩን አስታወሳችሁ? አንድ ሴል ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነ መንገዱ ይዘጋል። የስስ ሽፋን ሴሎች ረጃጅም ናቸው፤ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳሉ። ስለዚህ መስመሮቹ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲሆኑ አድርጋችሁ ስቀሉት። ከታች ጠርዝ ላይ የአዳማ አቧራ ሲከማች ከእያንዳንዱ ሴል ጥቂት ጥቂት ይወስዳል እንጂ አንዱን ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም። መስመሮቹን አግድም ካደረጋችሁ ያው አቧራ የታችኛውን ሴል ውጦ ፓነሉን በሙሉ ያደክመዋል። በትክክል ከተሰቀለ በጥላ ስስ ሽፋኑ ሞኖን ይበልጠዋል። ይህን ምስጋና ልነፍገው አልችልም።

ፓነሉን ወደ ደቡብ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብሉት። አዳማ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ከዚያ በላይ ማዘንበል ያስጎዳል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ደግሞ ዝናብ አቧራውን አያጥበውም። በበጋ በሳምንት አንዴ ጠዋት፣ መስታወቱ ሳይሞቅ፣ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ እጠቡት። ቀትር ላይ የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ።

ስለ ነፋሱ ለአዳማ ሰው መንገር የለብኝም። ከከተማው ዳር ያሉት ተርባይኖች የመጀመሪያው ምዕራፍ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ነፋስ 1.4 ካሬ ሜትር መስታወት ሥር ሲገባ ያነሳዋል። ፍሬም የሌለው ፓነል የሚያዘው ጎማ ባለው መቆንጠጫ ነው። በባዶ ብረት ከጠበቀ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ጠርዙ ከተሰነጠቀ ርጥበት ይገባል፤ ያን ስስ ቅብ ይበላዋል። ያገለገለ ስትገዙ መጀመሪያ ጠርዙን ዙሩት። ነጭ ወይም የተላጠ ነገር ካያችሁ ተዉት።

ታዲያ ማን የቱን ይግዛ?

የቆርቆሮ ጣራ ያለው ሱቅ ወይም ቤት ካላችሁና አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ ሞኖ ግዙ። ብዙ አላመነታም። ፖሊ በጥሩ ዋጋ ካገኛችሁና ቦታ ካላችሁ ያገለግላችኋል፤ ፋብሪካዎቹ ግን ወደ ሞኖ ዞረዋል።

አሞርፈስ የሚዋጣው በሁለት ሁኔታ ነው። አንዱ ለትንንሽ ነገር፣ እንደ ካልኩሌተርና በቤት ውስጥ ብርሃን ለሚሠራ ዕቃ። ሌላው ሰፊ ባዶ ቦታና ትክክለኛ ኮንትሮለር ኖሯችሁ ፓነሉ ለነጻ በቀረበ ዋጋ ሲመጣ። በረንዳ ላይ ብርሃን በከፊል የሚያሳልፍ ጣራ ለሚፈልግም ያምራል።

ዋስትናውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ንጹሕ ሲሊከን በኪሎ ከ400 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ትንሽ ሲሊከን የሚፈጀው ስስ ሽፋን ብዙ ተስፋ ተጣለበት። ብዙም ሳይቆይ የሲሊከን ዋጋ ወደቀ፤ ሞኖና ፖሊም አብረው ረከሱ። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ዋና ዋናዎቹ የስስ ሽፋን ሲሊከን አምራቾች አንድ በአንድ ሥራውን ተዉ። ስለዚህ ዛሬ የሚቀርብላችሁ ትልቅ አሞርፈስ ፓነል በአብዛኛው የተረፈ ወይም ያገለገለ ነው። "የ25 ዓመት ዋስትና" ብሎ የጻፈው ፋብሪካ ራሱ ላይኖር ይችላል።

ዕውቀቱ ግን አልጠፋም። ሄትሮጃንክሽን በሚባለው የሞኖ ዓይነት ቁራጩ በሁለቱም ፊት በጣም ስስ አሞርፈስ ይቀባል፤ ያው ሳይሌን፣ ያው ፕላዝማ። በሙቀት የሚያጣው ለአንድ ዲግሪ 0.25 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ዋጋው ከተመቻችሁ ለአዳማ ሐሩር የምመርጠው እሱን ነው።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ሦስት የ7 ዋት አምፖሎች ለአምስት ሰዓት፣ 40 ዋት ቴሌቪዥን ለአራት ሰዓት፣ የደንበኞች ስልክ ቻርጅ። ተደምሮ በቀን 300 ዋት ሰዓት ገደማ ሆነ። አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ብንል፣ ከዚያ አንድ ሦስተኛው በመንገድ እንደሚባክን ብናስብ፣ 100 ዋት ለጥቂት ይበቃታል። ለክረምቱ ስል 150 አልኳት።

ሻጩ ሁለት ሞኖ አወጣ። ሁለቱም በመጠን እኩል ናቸው። አንዱ 150 ዋት፣ ሌላው 200 ዋት ይላል፤ 200ው ትንሽ ይረክሳል። አክስቴ ዓይኗ 200ው ላይ ነው። "እትዬ፣ ሜትርሽን ይዘሻል?" አልኳት። የጨርቅ ነጋዴ ሜትር አይጠፋትም። ቁመቱ 102፣ ወርዱ 67 ሳንቲ። ሲባዛ 0.68 ካሬ ሜትር። እንግዲህ በዚህ ስፋት ላይ 680 ዋት ብርሃን ያርፋል ማለት ነው። 150 ለ680 ሲካፈል 22 በመቶ፤ ጥሩ ሞኖ ይህን ይሰጣል። 200 ለ680 ሲካፈል 29 በመቶ። እንዲህ ያለ ሞኖ የትም ገበያ አይሸጥም።

አክስቴ ስልኳ ላይ ራሷ ደግማ አሰላችው። ከዚያ ሜትሩን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና "150ውን ባጃጁ ላይ ጫኑልኝ" አለች።